ባሕር በባልዲ

ጨው በአገራችን ሕፃን ተልኮ የሚገዛ ዕቃ ነው። ሥጋ ሲሆን አባወራው ራሱ ይሄዳል፤ ቅቤ ሲሆን እማወራዋ አሽትታ፣ በጣቷ ነክታ፣ ተከራክራ፣ ጥላ ሄዳ፣ ተመልሳ ታስመዝናለች። በርበሬ አገሩ ሳይጠየቅ፣ ማረቆ ነው አላባ ሳይባል አይገዛም። ጨው ሲሆን ግን «ሮጥ በልና ጨው ይዘህልኝ ና» ነው። «የቱን ዓይነት?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢገኝ ግንባሩ ይዳበሳል፤ አተኩሶት ይሆናል። ባለሱቁም «የቱን ልስጥህ?» አይልም። ያለው አንድ ነው፣ ሰጥቶ ይሸኛል።

እኔም በዚህ እምነት አድጌ፣ እምነቴን ይዤ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከኮለምቢያ ፓይክ እምብዛም በማይርቅ አፓርታማ ለዓመታት በሰላም ስኖር ነበር። ሰላሜ የደፈረሰው ሳሎኔ ጥግ የኮራል አኳሪየም ያቆምኩ ጊዜ ነው። አኳሪየሙ እንዴት ቤታችን እንደገባ ባለቤቴ የምትተርከው የራሷ ታሪክ ስላላት እኔ አልነካካውም። ቁም ነገሩ፣ ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ ነው፤ የሚኖረውም በባሕር ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ባሕሩ ደግሞ ከእኛ ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ ባሕሩን እቤት መሥራት ነው፤ ለዚህም ተብሎ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው አለ። በውሃ ይበጠበጣል፣ ባሕር ይሆናል፣ አለቀ።

አላለቀም። ሱቁ ውስጥ ሲገቡ ከወለል እስከ ጣሪያ ባልዲ ነው። ሰማያዊ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ። አንዱ «ለዓሣ ብቻ» ይላል፣ አንዱ «ለኮራል» ይላል፣ ሌላው «ለፈጣን ዕድገት» ይላል፤ ዋጋው ከ60 ዶላር ተነስቶ 100ን አልፎ ይሄዳል። ሻጩ ክንዱ ላይ ኦክቶፐስ የተነቀሰ ወጣት ነው። የጨው ነገር ጠየቅኩት፤ እሱ ግን መልሶ ጠየቀኝ፦ «ምን ያህል አልካሊኒቲ ነው የምታስበው?» በሕይወቴ ስለ አልካሊኒቲ አስቤ አላውቅም። ጨው ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ፈተና የገባ ይመስል ላብ አጠመቀኝ።

ባልዲው ቤት የደረሰው እማዬ ለአራስ ጥየቃ መጥታ እኛ ጋ በነበረችበት ሰሞን ነው። በሩ ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ከሶፋው ላይ አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ጨው ነው እማዬ።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሃያ ምናምን።»

ጥቂት አሰበች። «ቋንጣ ልትዘለዝል ነው?»

«ኧረ ለዓሣዎቹ ነው።»

«ስንት ናቸው ዓሣዎቹ?»

«ሁለት።»

ወደ አኳሪየሙ ዞር ብላ ሁለቱን ብርቱካናማ ዓሣዎች አየቻቸው፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ እንቁላል አያህሉም። ከዚያ ተነሥታ መጣችና ክዳኑን አስከፍታ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ። «ይኼማ ጨው አይደለም። ይመራል። አታለውሃል ልጄ።»

ኦክቶፐስ የተነቀሰው ልጅ በግማሽ ሰዓት ያላስረዳኝን ነገር እማዬ በአንድ ቁንጥር ደረሰችበት። የሚመረው ማግኒዥየሙ ነው። የባሕር ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው ጨው በክብደት 85 በመቶ የሚሆነው እኛ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ጣጣው ያለው በቀረው 15 በመቶ ላይ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዥየም፣ ከ400 ትንሽ የሚያልፍ ካልሲየም፣ 400 ገደማ ፖታሲየም አለ። ከዚያ ሰልፌቱ፣ ብሮማይዱ፣ ስትሮንቲየሙ፣ ቦሮኑ እያለ ይቀጥላል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ካልሲየሙን ከካርቦኔት ጋር አጋብቶ ነው። የገበታ ጨው ውስጥ ብትከተው በጨው ተከቦ በረሃብ ይሞታል።

ብዙ ሰው የገበታ ጨው ለአኳሪየም የማይሆነው አዮዲን ስላለው ይመስለዋል። አዮዲን ምንም አላደረገም፤ ባሕር ራሱ አዮዲን አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የደነገገችው የደጋው ሰው ከባሕር ርቆ፣ አፈሩም በዝናብ ታጥቦ፣ በእንቅርት ስለተቸገረ ነው። ያ ጨው የእኛን አንገት አድኗል። ለኮራል ግን የሚጎድለው ነገር ይበዛል፤ ጥፋቱ የገባበት ሳይሆን ያልገባበት ነው።

ይኼን ለእማዬ ሳስረዳት በጥሞና አዳመጠችኝና የራሷን መፍትሔ አመጣች። «ታዲያ የአፋሩ ጨው ቢመጣልህስ? እሱ ከባሕር ነው ይባላል። አሞሌ ሰው ፈልጌ ላስመጣልህ?»

ይኼ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። እውነት ለመናገር ከሻጩ ጥያቄ ይልቅ ያስተማረኝ ይኼኛው ነው። የደናክል ጨው የቀይ ባሕር ጨው መሆኑ እውነት ነው። ያ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ የወረደ ረባዳ በጥንት ዘመን የባሕሩ ክንድ ነበር፤ በኋላ በሩ ተዘጋ፣ ፀሐይ ውሃውን ወሰደችው፣ ጨው ብቻ ቀረ። አፋሮች በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ አስተካክለው ጠርበው በግመል የሚጭኑት፣ ደጋውን ሁሉ ተሻግሮ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው አሞሌ ይኸው የደረቀ ባሕር ነው። ታዲያ አሞሌውን በውሃ ብበጠብጠው ባሕሩ አይመለስም?

አይመለስም። ባሕር ሲደርቅ ባንዴ አይደርቅም፤ ወረፋ አለው። መጀመሪያ ኖራው ይዘቅጣል። ውሃው ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ ጂፕሰሙ ይከተላል። ወደ አንድ አሥረኛ ሲደርስ ነው ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ጨው የሚወርደው። ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ ልክ እንደ ሠርግ ቤት የመጨረሻ እንግዶች አንወጣም ብለው ውሃ ውስጥ ይቆዩና ሁሉም ካለቀ በኋላ ለብቻቸው ይተኛሉ፤ ዳሎል አካባቢ ማዳበሪያ የሚሠራበት ፖታሽ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ አሞሌው የባሕሩ አንድ ንብርብር ብቻ ነው። ኮራሉ የሚፈልገው ካልሲየም ከሥሩ ተቀብሯል፣ ማግኒዥየሙ ሌላ ቦታ ተጋድሟል። ፀሐይ በሺህ ዓመታት ለይታ ያስቀመጠችውን ፋብሪካው መልሶ ቀላቅሎ በባልዲ ይሸጥልሃል። 60 ዶላሩ የቅልቅል ነው ማለት ይቻላል።

«እንግዲያው ይቅር» አለች እማዬ፤ «አሞሌውም ባሕርነቱን ረስቶታል።»

የቅልቅሉ ነገር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ፊሊፕ ጎስ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ውሃ ከባሕር ዳርቻ በገንቦ ማስመጣቱ ቢያታክተው የገበታ ጨው፣ የእንግሊዝ ጨው፣ የማግኒዥየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ ለክቶ በውሃ በጠበጠ። አራት ቅመም! የዛሬ ባልዲዎች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ቻሌንጀር የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ዓለምን ዞራ ከየባሕሩ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች ተመለሰች፤ ዊልያም ዲትማር የሚባል ኬሚስት 77ቱን ናሙና ተቀብሎ መረመረና ውጤቱን በ1884 አሳተመ። ያገኘው ነገር ጉድ ነው፦ ውሃው ቢቀጥንም ቢወፍርም በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ በሁሉም ውቅያኖስ ያው ነው ማለት ይቻላል። አምላክ ለባሕር አንድ የምግብ አሠራር ብቻ ነው ያወጣው።

አሠራሩ አንድ ከሆነ ታዲያ ባልዲው ለምን ይህን ያህል በዛ? ይኼን የጠየቀ ሰው ከጨው አዋቂዎች ጋር ማምሸት አለበት። የኮራል ወዳጆች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንዱ ጎራ «ባሕሩ እንዳለው» ይላል፤ አልካሊኒቲው ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ 7 ወይም 8፣ ከዚያ ወዲያ ትዕቢት ነው ባይ ነው። ሌላው ጎራ «ኮራል በጓዳ ሲያድግ ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ስለዚህ ከፍ አድርገህ አቅርብለት» ይልና 11፣ 12 ያደርሰዋል። አልካሊኒቲ ማለት በግርድፉ ውሃው የያዘው የካርቦኔትና የቢካርቦኔት ስንቅ ነው፤ ኮራሉ አጥንት በሠራ ቁጥር ከእሱ ይቆነጥራል። የመጀመሪያው ጎራ ሁለተኛውን «ኮራሉን ጫፍ ጫፉን ታቃጥለዋለህ» ይለዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን «በጾም ገደልከው» ይለዋል። ሁለቱም ለማስረጃ የራሳቸውን አኳሪየም ፎቶ ከስልካቸው ያወጣሉ፤ ሁለቱም ፎቶዎች ያምራሉ።

ባልዲዎቹም በዚሁ ይለያያሉ። ኦሃዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ኢንስታንት ኦሽን የሁሉ አባት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሕዝብ የሚጎበኛቸው አኳሪየሞች ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል፤ ካልሲየም የጨመረ ወንድሙ ሪፍ ክሪስታልስ ይባላል። ጀርመኖቹ ትሮፒክ ማሪን አላቸው፤ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ንጽሕናውን አይደብቅም። እስራኤሎቹ ሬድ ሲ አላቸው፤ ሰማያዊው ባልዲ ዝቅ ያለ አልካሊኒቲ፣ ኮራል ፕሮ የሚሉት ጥቁሩ ከፍ ያለ። ኩባንያው ጨዉን የሚያዘጋጀው ከዚያው ከቀይ ባሕር ውሃ ተነሥቶ እንደሆነ ይናገራል።

እዚህ ላይ ጋሼን ማስገባት አለብኝ። ጋሼ በሁለት ፎቅ የሚርቀን ጎረቤታችን ነው፤ በጉልምስናው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ሰው ነው። አኳሪየሙን መጀመሪያ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ጣቱን ነክሮ ላሰ።

«ቀጭን ነው» አለ።

«ጋሼ፣ በመሣሪያ ለክቼዋለሁ። 35 ነው፤ ልክ ነው።»

«የማን ልክ? የምጽዋ ባሕር ከዚህ ይወፍራል። ዳህላክ ጠልቀህ ስትወጣ ቅንድብህ ላይ ይጋገራል።»

እኔ መሣሪያዬን ይዤ ልከራከረው ነበር፤ ነገር ግን የላሰው ምላስ አልተሳሳተም። በአማካይ አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ጨው ሲይዝ ቀይ ባሕር ከዚህ ይበልጣል፤ በሰሜን ጫፉ 40 ግራምን ያልፋል። ፀሐዩ ያተነዋል፣ ዝናብ የለውም፣ የረባ ወንዝ አይገባበትም። የእኛው አዋሽ እንኳ ወደዚያ አቅጣጫ ሲገሰግስ ቆይቶ አቤ ሐይቅ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ጋሼ ግን ይህን ሁሉ ማብራሪያ አልፈለገም። ዓይኑ ያረፈው ጥጉ ላይ በቆመው ባልዲ ላይ ነበር። መነጽሩን አወረደና ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ።

«ቀይ ባሕርን በባልዲ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ነው?»

ነገርኩት።

«እኛ እኮ» አለ ቡናውን አስቀምጦ፣ «ደመወዝ እየተከፈለን ነበር የምንዋኝበት።»

ባለቤቴ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እኔም ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ሰውየው ግን አልቀለደም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ወደብ የሌላት አገር ልጆች ስለ ባሕር ማውራት አያልቅባቸውም፤ በየቡናው፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ይነሣል። ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ተነሥቶ ሄዶ ባሕሩን በእጁ ገዝቶ እቤቱ ያስገባ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ደረሰኝም አለኝ። ጋሼ ይህን ስነግረው በጨዋ ደንብ አልመለሰልኝም።

ወደ ጨዉ እንመለስ። መግዛቱ እንዳለ ሆኖ መበጥበጡ ሌላ ሙያ ነው። ከሁሉ በፊት ውሃው። የቧንቧ ውሃ ለሰው የተዘጋጀ ነው፤ ለኮራል ክሎሪኑም፣ ከቱቦው የሚገባው መዳብም፣ ፎስፌቱም መርዝ ወይም ጣጣ ነው። የእኛ የአርሊንግተን ውሃ ከዋሽንግተን ጋር ከአንድ ምንጭ ይመጣል፤ ዓመቱን በክሎራሚን ታክሞ ይቆይና በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ቱቦዎቹን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀየራል። ሰዉ ሻወር ቤት ሽታው ሲለወጥ ያማርራል፤ አኳሪየም ያለው ሰው ደግሞ ማጣሪያውን ይፈትሻል። ማጣሪያው ውሃውን በስስ ሽፋን ጨምቆ ከውሃነት በቀር ምንም የማያስቀርለት ነው፤ መለኪያው ዜሮ ሲል ደስ ይላል። እማዬ ይህን ውሃ ቀምሳ «ምንም ነፍስ የለውም» ብላለች፤ ትክክል ናት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ። ውሃው ይቀድማል፣ ጨዉ በላዩ እየተማሰለ ቀስ ብሎ ይነሰነሳል፤ በሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም፣ ባልዲው ላይ እንደተጻፈው። ጨዉን አስቀድሞ ውሃ የሚደፋበት ሰው ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ገና ወፍራም ሳሉ ይገናኙበትና ኖራ ሆነው ይዘቅጣሉ፤ ውሃው አጓት ይመስላል፣ የተከፈለበት ካልሲየም ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ብጥብጡ በትንሽ ፓምፕ ሲናጥ፣ ሲሞቅ፣ ሲጠራ ያድራል። ገና እየተበጠበጠ ያለ ውሃ እንስሳ ላይ አይደፋም። ባልዲው ራሱ ከመከፈቱ በፊት ወለል ላይ ይንከባለላል፤ ምክንያቱም በመርከብና በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ የመጣ ቅልቅል ደቃቁ ወደታች፣ ሻካራው ወደላይ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ይህ የልጆቹ ሥራ ነው፤ ከበታቻችን የሚኖሩት ሰዎች ደግሞ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት በማንኳኳት ይተባበሩናል። ክዳኑ ክፍት ከቀረም የማግኒዥየሙና የካልሲየሙ ጨው ከአየር እርጥበት ይጠጣና ባልዲው ሙሉ አንድ ድንጋይ ይሆናል፤ እማዬ እንዲህ ያለውን ብታይ ኖሮ አሞሌ ብላ ትሰይመው ነበር።

ስለ መሙላት ደግሞ ልንገራችሁ። ከአኳሪየም ውስጥ ውሃ በየቀኑ ይተናል። ጀማሪ ሁሉ የጎደለውን በጨው ውሃ ሊሞላ ይሄዳል፤ ሻጮችም ይህን ለማስረዳት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ቀስት ይስላሉ። እማዬን ግን ማንም አላስረዳትም። አንድ ቀን ውሃው ጎድሎ አየችና ንጹሑን ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። «በጨው ውሃ አይሞላም?» አልኳት ልፈትናት። «ምን ነካህ፣ የሚመጥጠው ውሃው ነው እንጂ ጨዉ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ስንት ጊዜ የተረሳ ድስት አድናለች መሰላችሁ!

ሰው ሲጠይቀኝ የምለውን ልበል። ባልዲ ላይ «ከባሕር ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሁሉ አለበት» የሚል ጽሑፍ አይቶ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል። እነዚያ ሚጢጢ ንጥረ ነገሮች ከዓሣው ምግብም፣ ከጨዉ ቆሻሻም ሳይጠሩ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ባይመጡ ይሻላል። መጠየቅ ያለበት ስለ አራት ነገር ነው፦ በ35 ሲበጠበጥ ካልሲየሙ ስንት ነው፣ ማግኒዥየሙ ስንት ነው፣ አልካሊኒቲው ስንት ነው፣ ደግሞም ይኼው ቁጥር በሚቀጥለው ባልዲ ላይ ይደገማል ወይ? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ኮራል አልካሊኒቲ 8 ላይ ይኖራል፣ 10 ላይም ይኖራል፤ ዛሬ 8፣ ለሳምንት 11፣ ከዚያ መልሶ 8 ከሆነ ግን ይኮማተራል፣ ይነጣል፣ ይሞታል። በየቅናሹ ባልዲ የሚለዋውጥ ሰው፣ ባልዲዎቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ሁሉም ደኅና ሆነው ሳለ፣ በመለዋወጡ ብቻ ኮራል ይፈጃል።

ለዚህ ነው ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ቆሜ ያን ሁሉ ላብ ያላበኝ ነገር በኋላ ያናደደኝ። ከታወቁት ባልዲዎች መካከል መጥፎ የሚባል የለም። ለስላሳ ኮራልና ሁለት ዓሣ ላለው ሰው ርካሹ ይበቃዋል፤ ትርፉን ገንዘብ ለማጣሪያውና ለመለኪያው ያውለው። አጥንታም ኮራል ላበዛ፣ በየቀኑ ካልሲየምና አልካሊኒቲ በሌላ መንገድ ለማይጨምር ሰው ከፍ ያለው ይመቸዋል። በፓምፕ እየለካ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ባሕሩን የሚመስለው ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ውሃ በቀየረ ቁጥር ያስተካከለውን አያናጋበትም። ከዚህ ውጭ ያለው ክርክር ሰዎች የመረጡትን ስለመረጡ የሚያቀርቡት ምስጋና ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው ለጨዉ ነበር፤ አሁን ጨዉ ቁጭ ብሎ ባለቤቶቹ ናቸው ስለ እሱ የሚጣፍጡት።

እኔ በበኩሌ ጥቁሩን ትቼ ሰማያዊውን ባልዲ ያዝኩ። ሱቁ ቅርብ ነው፣ ሁልጊዜ አያልቅበትም፣ ቁጥሩም የምፈልገው አካባቢ ነው። ኦክቶፐስ የተነቀሰው ልጅ «ጥሩ ምርጫ» አለኝ፤ ከእኔ በፊት ትሮፒክ ማሪን ለገዛውም ሰውዬ ያንኑ ሲለው ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ኮራሎቹ ተረጋግተዋል፣ አንዱ ለጎረቤት የሚቆረስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ነገሩ ተዘጋ ብዬ ነበር።

ያልተዘጋው በባዶ ባልዲው በኩል ነው። ጨዉ ሲያልቅ የሚቀረው ባልዲ ወፍራም ነው፣ እጀታ አለው፣ ክዳኑ ግጥም ይላል። እማዬ አንዱን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጤፍ አስቀመጠችበት፤ ነቀዝ ዝር አላለም። የማኅበሯ ሴቶች ዝክር ላይ መጥተው አዩ። በሳምንቱ አንዷ ደውላ ባልዲ ጠየቀች፣ በሌላው ሳምንት ሌላዋ። አዲስ አበባ ስትመለስም ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱን ትታ በባልዲ ሄደች፤ የልጆች ልብስ፣ ጫማና ቫይታሚን ታጭቆበት፣ ዙሪያውን በቴፕ ታሽጎ፣ ቀይ ባሕር የሚል ጽሑፉ እንዳማረበት። ቦሌ ላይ ወደብ ተመለሰልን ብሎ የደነገጠ ሰው መኖሩን አልነገረችኝም።

ባለፈው ሰሞን ደወለች። የእግዜር ሰላምታው አለቀ፣ የልጆቹ ነገር አለቀ፣ የጉልበቷ ነገር አለቀ።

«ስማ እስቲ፣ ያ ባልዲ የጎረቤቶቼ ሁሉ ዓይን አርፎበታል። እትዬ ከታች ቤት ያለችው አንድ እንድትልክላት ለምናለች። ግን ሰማያዊው ቶሎ ቆሻሻ ያሳያል ትላለች። ጥቁር የለም?»

«ጥቁር አለ እማዬ። ግን እሱ ሌላ ጨው ነው፤ አልካሊኒቲው ከፍ ይላል። ኮራሎቹ ሰማያዊውን ለምደዋል፣ ለውጥ አይወዱም።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ታዲያ አስቀድመህ ንገራቸዋ» አለችኝ፤ «ጨዉን ካልወደዱት ግዴለም፣ እዚያው ድፋውና ባልዲውን ብቻ ላክ።»